ሩዙ በነፃ ነው

ከባቲ የወጣሁት አንድ ጁምዓ ምሽት ነው። እናቴ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች ዱዓ ታደርግልኛለች፤ እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ የማስበው ስለ ሩዝ ነበር። ከዓረብ አገር የተመለሱት ሁሉ በትሪ ሙሉ ስለሚቀርበው ሩዝ እያወሩ ሲያስጎመዡን ኖረዋል። እኔን ማሽላና ሽሮ ሰልችቶኝ ነበር። በረሃውንና ባሕሩን እንዴት እንዳለፍኩ አልነግራችሁም፤ ያለፈበት ያውቀዋል።

ሳዑዲ እገባለሁ ብዬ የመን፣ ኤደን ቀረሁ። ፉቁም ከሚባል የአጥማጆች መንደር የሚመጣ ዓሣ የሚጠብስ ምግብ ቤት ውስጥ ዓሣ አጽጂ ሆንኩ። ሙቀቱ የእኛን ቆላ ያስመሰግናል። ቀኑን ሙሉ ቅርፊት እፍቃለሁ፣ ሆድ እቀድዳለሁ። ዓሣው ለደንበኛ ነው፤ ለሠራተኛው ሩዝና ሩቲ የሚሉት ነጭ ዳቦ፣ ያውም በነፃ። በላኋ!

ውሎ አድሮ ውኃ ጥሙ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። በሰፈር ክሊኒክ ስኳር አለብህ ብለው ኪኒን ሰጡኝ። እኔም ጨከንኩና ሻሂዬን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመርኩ፤ አልወርድ ሲለኝ ሩቲ ጨምሬ አወራርደዋለሁ። ስኳር ማለት በማንኪያ የሚጨመረው ብቻ መስሎኝ። የአገሬ ልጆችም ሲያስታምሙኝ ሩዝ ነበር የሚያመጡልኝ።

በኋላ የዓሣ እሾህ የወጋኝ የእግሬ ጣት አልድን ብሎ ጠቆረ። ኮርማክሳር የሚባል ሰፈር አንዲት ዱክቶራ፣ ሴት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

«ሩዙም ነጭ ዳቦውም ሆድህ ገብቶ የሚሆነው ስኳር ነው» አለችኝ።

ጭራሽ ተው አላለችኝም፤ እፍኝ የምታህል ሩዝ ከአትክልት፣ ከጥራጥሬና ከዓሣ ጋር ብላ አለች። አገርህ ምን ትበላ ነበር ስትለኝ ማሽላውንም ምስሩንም እያፈርኩ ነገርኳት። እሱ ይሻልህ ነበር ብላ ሳቀች። ስኳሩ ካልወረደ ግን ጣቱ ይቆረጣል፣ ለእግሩም ያሰጋል አለችኝ። ቆሞ የሚሠራ ሰው እግሩ ከሄደ ምን ቀረው?

ለአሠሪዬ ለዐሚ ሳሌሕ ነገርኩት፤ ሩዙን ቀንሰህ ቁራጭ ዓሣና ፉል ስጠኝ አልኩት። አዘነልኝ፣ ወላሂ አዘነልኝ።

«ልጄ፣ ዓሣው የደንበኛ ነው። ሩዙን ቀንሰህ ብላ፣ ማን ከለከለህ?»

በባዶ ሆድህ ቁም ማለቱ ነው። ሁለት ቀን ሞከርኩት፤ በሦስተኛው ራበኝና ሩዜን በላሁ።

ትናንት ለእናቴ ደወልኩ። እግሬ ሳይቆረጥ አገሬ ልግባ ልላት ነው። አፌ አልታዘዝ ሲለኝ «እማዬ፣ ማሽላ አምሮኛል» ብዬ ጀመርኩ።

እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ኧረ ሰው እንዳይሰማህ! ጎረቤቱ ሁሉ እዚሁ ነው፤ ስላንተ እያወራኋቸው ነው» አለችኝ። ወዲያው ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ አደረገችውና ጮክ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ዛሬ ምን በላህ፣ ልጄ?»

«ሩዝ፣ እማዬ። ጠግቤ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ። ስለ እግሬ ሳልነግራት ዘጋሁት።