ማዛጋት የምትቆጥረው ሴትዮ

የልጆች ንባብ ክፍሉ ኃላፊ የሴትዮዋን ስም ጠይቃ አታውቅም፤ በሆዷ "ባለ ትንኟ" ትላታለች። ሴትዮዋ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ልክ ሦስት ሰዓት ሲል፣ ኪሱ በእስክርቢቶ ቀለም የተበላሸ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ከተፍ ትላለች። ሃያ ዓመት ቤተ ሙከራ ውስጥ ትንኝ ስትቆጥር ኖራ፣ አሁን የልጆች ተረት ትጽፋለች። የጻፈችውን ለልጆቹ ታነብና ማን በስንት ሰዓት እንዳዛጋ ትመዘግባለች። ሦስት ልጅ ካዛጋ ተረቱ ወደቀ። ገጹን ግን አትቀድም፤ እንደ ቤተ ሙከራው ልማድ በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዛ፣ ከጎኑ ቀን ጽፋ ትፈርምበታለች። እስካሁን አሥራ አንድ ወድቀዋል።

"ያን የመሰለ ሥራ እንዴት ተዉት?" አለቻት አንድ ቀን ኃላፊዋ።

"አንዲት ትንኝ ከቆጠራ ጎደለች። 'ምክንያት' በሚለው ቦታ 'አክስቷ ዘንድ ሄዳ ይሆናል' ብዬ ሞላሁ። አለቃዬ 'ወይ ሪፖርት ጻፊ፣ ወይ ተረት!' ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ደግሞ ምክር እሰማለሁ።"

ዛሬ የምታነበው የዚያችኑ ትንኝ ነገር ነው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተዋል፤ ለማዛጋት ግን አይደለም። ትንኟ በዝናብ በስብሳ የአክስቷን መስኮት ስታንኳኳ፣ ሴትዮዋ ቆም አለችና ውሃዋን ቀስ ብላ ተጎነጨች።

"ኧረ በሞቴ፣ ከፈተችላት?" አለች ኃላፊዋ፣ የአቧራ መጥረጊያዋን እንደያዘች ከመደርደሪያው ኋላ ብቅ ብላ።

ሴትዮዋ ሰዓቷን አየችና ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች።

"ያንን መደርደሪያ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ አራት ጊዜ ወለወሉት" አለቻት፣ ቀና ሳትል። "እሱንም መዝግቤዋለሁ።"