አስካለ የታዘለችበት ቀን

ቤቴል ካለው የጥርስ ሐኪም ቤት ስወጣ የታችኛው ከንፈሬ ግማሹ የሌላ ሰው ነበር። ሐኪሙ ማደንዘዣ ወግቶ መንጋጋ ጥርሴን ነቅሎልኛል፤ ልጄ ክንዴን ይዛ፣ «እማዬ፣ እስኪለቅሽ ድረስ ትኩስ ነገር እንዳትቀምሺ» እያለች ታክሲ ታስቆማለች። በታክሲው መስታወት ተጣሞ የወረደውን አፌን ሳየው የታላቅ እህቴ የአስካለ አፍ መጣብኝ፤ ከእሱም ጋር የዚያን ጊዜው ቅናት።

ዘመኑ የጣልያን ነበር። አባታችን ጣልያኖቹ በሚያሠሩት መንገድ ላይ ድንጋይ ይፈልጥ ነበርና፣ አስካለ በጥርስ ሕመም እንቅልፍ ስታጣ አንድ ማለዳ ወደ ካምፑ ሐኪም ወሰዳት፤ ጥርሷን አስነቅሎ መለሳትና ተቆጣጣሪው ሳያጣው ለመድረስ ከደጃፍ ትቷት ወደ ሥራው ሮጠ። መርፌ መወጋቷን ለማናችንም አልነገረን። እናቴ ብቅ ስትል የልጇ አፍ ወደ አንድ ወገን ወርዷል፣ ለሃጯ ይንጠባጠባል፣ «እማዬ» ማለት እንኳ አቅቷታል።

ጎረቤታችን እትዬ ደስታ የእናቴን ጩኸት ሰምተው መጡ።

«ወየው! መጋኛ መትቷታል! ምን ትጠብቂያለሽ አንቺ ሴት፣ ጸበል አድርሻት እንጂ!»

እናቴ ሕፃኑን ወንድማችንን ለእሳቸው አስታቀፈች፤ ውኃ ለመቅዳት የደረሰችውን አስካለን እንደ ጨቅላ አዝላ ወደ ቀራንዮ ጸበል በባሕር ዛፉ መሀል ቁልቁል ሮጠች። ያ ጀርባ ወንድማችን ከተወለደ ወዲህ ለእኔ ተከልክሎ የነበረ ጀርባ ነው። ከኋላ ከኋላ ስከተል እሾህ ተረከዜን ወጋኝ።

«እማዬ፣ እሾህ!»

«ዝም በይ! እህትሽ እየሞተች!»

የአስካለ እግሮች ከእናቴ ወገብ ግራና ቀኝ ይወዛወዛሉ፤ የእናቴ አንገት በላብ ርሷል፤ እኔ እያነከስኩ፣ «መድኃኔ ዓለም ሆይ፣ እኔንም መጋኛ ይምታኝ» ብዬ ለመንኩ።

ካህኑ ጸበል ረጯት፣ በመስቀል ዳሰሷት። ስንመለስ አፏ ቀስ በቀስ ቦታውን ያዘ። ሰፈሩ በእልልታ ተቀበላት፤ የጎረቤቱ ወተት ሁሉ ለእሷ ሆነ። እሾሄን እኔው ነቀልኩት።

አባታችን ከሥራ ገብቶ ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«የመርፌው ነው እኮ! በራሱ ጊዜ ይለቃል ብሎኝ ነበር ሐኪሙ።»

እናቴ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። «ያስለቀቀውስ ማን ሆነና?» አለችው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወልጃለሁ፣ አዝያለሁ፣ ልጆቼ ዛሬ እኔን ደግፈው ሐኪም ቤት ያደርሱኛል። ያ ቅናት ግን አልወጣልኝም። ቤት ገብቼ አፌ ሲፈታልኝ ሳንሱሲ ለምትኖረው ለአስካለ ደወልኩላት።

«እማዬ አዝላሽ ስትሮጥ ትዝ ይልሻል?»

«ጸበሉ መቀዝቀዙ ነው ትዝ የሚለኝ» አለች። «መንገዱንማ፣ ከሕመሙ ስገላገል ጊዜ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር መሰለኝ።» ሳቀች።

እናታችን አንድም ፎቶግራፍ ሳትነሳ ነው የሞተችው። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ፎቅ በቅሎበታል፤ ያን ሩጫዋን ያየ ሰው ከእኔ በቀር አልቀረም። ማየቱን ለእኔ የሰጠኝ መድኃኔ ዓለም ይመስገን። መታዘሉን ግን ለአስካለ ሰጣት፤ እሷም ተኛችበት።