ቦራን ያሻሻጥኩ ለት

ድንቄም አሻሻጭ! ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት ምን አግብቶኝ ነው፣ የልጅ ልጄ ሥራ ጠፍቶባት የስፌት መኪናዋን በስልክ ለሽያጭ ስታወጣ «ጥሩ ይሰፋል በይ!» ያልኳት? ገዢ ሲጽፍላት ስልኩ ጢው ጢው ሲል ሳቄ ጠፋ፤ ኮልፌ ቁጭ ብዬ የልጅነቴ የከብት ገበያ መጣብኝ።

ያኔ እህል አልቆብን አባባ የቀረንን አንድ በሬ፣ ቦራን፣ ሊሸጥ ወረደ። እኔም ተከተልኩት። አቧራውና እበቱ አፍንጫ ይሰነፍጣል። «ለሉካንዳ ነው የምሸጠው፤ ዝም በይ» አለኝ። ቦራዬ ሊታረድ? ማሳው ከኛ የሚዋሰን አያ ደምሴ መጥቶ ሻኛውን ሲዳብስ፣ «ያርሳል አያ ደምሴ! ጅራፍ እንኳ አይፈልግም!» ብዬ ለፈለፍኩ። አባባ ጎረቤቱን በሰው ፊት እምቢ ለማለት አፍሮ ገመዱን ሰጠው።

ስንመለስ «ቢታረድ ይሻለኝ ነበር» አለ። ምን ገብቶኝ! እኔ ቦራን አዳንኩት ብዬ እየዘለልኩ ገባሁ።

በማግስቱ ቦራ ከአጥራችን ማዶ የሰው ማሳ ያርሳል። አያ ደምሴ «ና ቦራ!» ባለ ቁጥር አባባ ክው ይላል። በርጩማውን አንስቶ ጓሮ ዞሮ ተቀመጠ። የኛ መሬት ጦሙን አደረ።

አሁን ልጅቷ «እምዬ፣ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት ልግዛ ያለችው፤ ልሽጥላት?» ትለኛለች። ምን ልበላት? ያኔ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ አባባን ጓሮ አግኝታው ያለችው ነው ጆሮዬ ላይ ያለው፦

«አንተ ሰው፣ ፊትህንስ አዞርክ፤ ጆሮህን የት ልታደርገው ነው?»