እትዬ ይቆይና እኛ ግቢ የሚያድረው አውቶቡስ

እናትና አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ደመወዝ ከፋዩ ያውቀው ይሆናል። እኛ ርእሰ መምህራኑ ግን እትዬ ይቆይ ነው የምንላቸው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የበጀት ኃላፊ ነበሩ፤ ምን ይዘን ብንሄድ መልሳቸው አንድ ነው። ወንበር አነሰን እንላለን፣ «ይቆይ።» ኮምፒውተር ይገዛልን እንላለን፣ «ይቆይ።» የጣሪያ ማፍሰስና የሽንት ቤት ነገር ሲሆን ብቻ ነው ይቆይ የማይሉት፤ እሱን በዚያው ቀን ሠራተኛ ልከው ያስጠግናሉ። እኛ ግን የተከለከልነውን እንጂ የተሰጠንን መቼ እናወራለን!

እኔ ደግሞ ሰው ማመስገን አይሆንልኝም። አፌ ለነገር ይፈጥናል። እናቴ እንኳ «አንቺን ስወልድ መጀመሪያ የወጣው ምላስሽ ነው» ትለኛለች። ስለዚህ ዛሬ ስለ እኚህ ሴት በጎ ነገር ሳወራ የሚሰማኝ ሰው፣ ምን ያህል ቢያደርጉላት ነው ብሎ ይገምት።

የማስተዳድረው ትምህርት ቤት ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያለው ነው። ትንሽ ነው። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ የጡብ ሠራተኛ ልጆች ናቸው፤ ጠዋት ሲመጡ ጫማቸው ቀይ አፈር ለብሶ ነው፣ የክፍሎቻችን ወለልም ስንቴ ቢታጠብ ያው ቀይ ነው። ቀጥሎ ያለው ትምህርት ቤት ከዋናው መንገድ ማዶ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ጡብና ሲሚንቶ የጫነ መኪና ቀኑን ሙሉ እንደ ጉድ ይበራል። ይህን መንገድ ልብ በሉልኝ፤ የነገሬ ሁሉ ፍሬ እሱ ነው።

ከእትዬ ይቆይ ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው። ርእሰ መምህርት በሆንኩ ሰሞን ፕሮጀክተር ጠየቅኩ። ማዶ ያለው ትምህርት ቤት አለው እኮ! የኔ የሳይንስ መምህር የልብን አሠራር በጣቱ አየር ላይ እየሣለ እስከ መቼ ያስተምር? «ይቆይ» አሉኝ። ቢሯቸው ድረስ ሄጄ ጮህኩባቸው። በማግስቱ ጠዋት፣ ሳላስበው፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ትምህርት ቤቴ መጡ። ሰላምታ ሰጡኝና ከተማሪዎቹ ኋላ ሄደው ተቀመጡ፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋሉ። ለካ ልማዳቸው ነው፤ አንድ ዕቃ ከመግዛታቸው በፊት ዕቃው የሚሠራበት ቦታ ሄደው ይውላሉ።

ሊሄዱ ሲሉ ጠሩኝና «ልጄ፣ ፀሐይዋ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰሌዳው ላይ ነች። ፕሮጀክተሩን ብገዛልሽ ምን ይታይሻል? መጀመሪያ መጋረጃ» አሉኝ። መጋረጃው በዚያው ወር ተሰቀለ። የሰፉት ባላቸው ናቸው፤ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ የሰፉበትንም አልተቀበሉም። ፕሮጀክተሩ በዓመቱ መጣ፤ እስካሁን ይሠራል። ማዶ ያሉት ቀድመውን የገዙት ግን በጠራራ ፀሐይ አልታይ ብሏቸው ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሶ ተኝቷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

ማንኛውም ቴክኖሎጂ በእሳቸው ጠረጴዛ ሲያልፍ ይጠየቃል። የት ይሰካል? ሲበላሽ ማን ይሠራዋል? ሲያረጅ በምን ይተካል? አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ለተማሪ ሁሉ ታብሌት ልሽጥላችሁ ብሎ መጣ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ዓለም የደረሰበት ነው» ቢላቸው፣ «ዓለም ይድረስበት፤ እኛ ክፍል ውስጥ ያለው አንድ ሶኬት ነው፣ ልጆቹ አርባ ናቸው። ቻርጅ ለማድረግ ወረፋ ሲጠብቁ ዓመቱ ያልቅባቸዋል» አሉት።  ባላቸው ይህን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «በነጋዴው ምን ትስቃላችሁ፤ እኔን ሠርጋችንን ራሱ ይቆይ፣ አዳራሽ በዚህ ወር ውድ ነው እያለች ሁለት ዓመት አስጠብቃኛለች» አሉን።

እንግዲህ ያ ክፉ ዓመት መጣ። በጀት ተቀነሰ። ከበላይ ደግሞ አዲስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተላከ፤ የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ወጪ በተማሪዎቹ ቁጥር አካፍሎ፣ አንድ ልጅ የት ስንት እንደሚያስወጣ በቀለም ያሳያል። ርካሹ አረንጓዴ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ ውዱ ቀይ። ቀይ የሆነው ይዘጋና ልጆቹ ወደሚቀጥለው ትምህርት ቤት ይዛወራሉ ተባለ። ርእሰ መምህራኑን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰቡን። የኮምፒውተር ባለሙያው ቁልፉን ሲጫን፣ ግድግዳው ላይ ከዚያ ሁሉ ትምህርት ቤት አንድ ብቻ ቀይ ሆኖ ወጣ። የኔው ነበር።

«ቁጥር አይዋሽም» አሉ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ያላቸው አልበቃ ብሏቸው ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ቁጥርማ አይዋሽ ይሆናል፤ መንገድ ግን አያቋርጥም! ያንን መንገድ የሚያቋርጡት የስድስት ዓመት ልጆች ናቸው!» ብዬ በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ። ቦርዱ የሚወስነው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

በቀጥታ እትዬ ይቆይ ቢሮ። ምን ያላልኳቸው አለ! ልብ የለዎትም አልኩ፣ ከወረቀት ሌላ አያውቁም አልኩ። ሻያቸውን እያማሰሉ ሰሙኝ።

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም!»

«እንግዲያው ጨርሺ፤ እኔ ሻዬን ልጠጣ፣ ይቀዘቅዛል።»

ጨረስኩ፤ ደከመኝም። ያኔ «ግን አንቺ ምን ቢኖርሽ ነው ይሄን ያህል የምታወጪው? ወለልሽ እንኳ ሊሾ ነው» አሉኝ። «እኔ ምን አውቄ!» አልኩ። «እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው» ብለው ትምህርት ቤት ሲወጡ የሚይዟትን ቦርሳቸውን አዩ።

በማግስቱ ጠዋት ከሁላችን ቀድመው፣ በሩ አጠገብ የተከመረ ጡብ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሌሊት ሌሊት እኛ ግቢ የሚያድረው ሰማያዊ አውቶቡስ ሞተሩን እያሞቀ ነበር። ባዶውን ከግቢያችን ወጣ፤ ወደ ሦስት ሩቅ ትምህርት ቤቶች ልጆችን አድርሶ ባዶውን ተመለሰ። የኛ ልጆች በእግራቸው ገቡ። ከሰዓትም እንዲሁ ሆነ። እትዬ ይቆይ ሾፌሩን ጠሩት።

«ይሄ አውቶቡስ የማን ነው?»

«የሁሉም ነው እትዬ። እዚህ የሚያድረው አጥሩ ጠንካራ ስለሆነ ነው።»

«የእዚህን ልጆችስ ይጭናል?»

«ኧረ የእነሱ ቤት እዚሁ ነው፤ ምን አስጫናቸው!»

 ተነሥተው የፈተና ማባዣ ማሽኑ ያለበት ክፍል ገቡ። የሁሉም ትምህርት ቤት ፈተና የሚባዛው በእሱ ነው፤ እሱም እኛ ጋ ያድራል። ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ ጄኔሬተሩም እኛ ጋ ነው። ፊታቸው ልክ ስላልነበረ ወንበር ሳብኩላቸው።

«ልጄ፣ ይሄ የኔ ሥራ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሳቸው ገና ተራ የሒሳብ ሠራተኛ ሳሉ፣ የጋራ ዕቃ በማን ሒሳብ ይጻፍ በሚል ጽሕፈት ቤቱ ሲጨቃጨቅ ይውል ነበር። ያኔ እሳቸው «ባደረበት ይጻፍ» ብለው ገላገሉት። ዕቃው ሲመሽ የማን ግቢ ነው የሚገባው? ወጪው የዚያ ትምህርት ቤት። አበቃ። የሌላ መሥሪያ ቤት ሰው ቢሰማው ይስቃል፤ እኛ ግን ለምደነው ነበር፣ የጎዳው ሰውም አልነበረም። ድምሩ ብቻ በሚታይበት ዘመን በየት በኩል ቢጻፍ ገንዘቡ ከአንድ ካዝና ነው የሚወጣው። አዲሱ ፕሮግራም ግን እያንዳንዱን ትምህርት ቤት ለብቻው ይመዝናል። የሦስት ትምህርት ቤት ነዳጅ፣ ጎማና የሾፌር ደመወዝ፣ የሁሉም ፈተና ወረቀት በእኔ ጥቂት ልጆች ጀርባ ላይ ተጫነ። አጥራችን ጠንካራ በመሆኑ ልንዘጋ ነበር እኮ!

እኔ በደስታ ዘለልኩ። ቀና ብዬ ሳያቸው ግን ደስታዬ ሰለለ። ጡረታቸው ደርሷል። በዚያ መሥሪያ ቤት «የእትዬ ይቆይ ሒሳብ ነው» ማለት እንደ መሐላ ነው። በዕድሜ ልክ ሥራ መጨረሻ ቦርድ ፊት ቆሞ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ያሠራኋችሁ ደንብ ስሕተት ነው ማለት ለማን ይቀላል? እኔ ብናገረው ደግሞ ትምህርት ቤቷን ለማዳን የማትለው የለም ይሉኛል። ከእሳቸው አፍ ካልወጣ ዋጋ የለውም።

ያን ሰሞን እህል በአፋቸው አልዞረም። በኋላ ባላቸው ናቸው የነገሩኝ። «የተጣመመ ስፌት ላይ ያማረ ቁልፍ ብትደረድሪበት አይቃናም፣ ፈትቶ መስፋት ነው አልኳት። እሷ ደግሞ፣ ያንተ ጨርቅ ነው፣ የኔ ስሜ ነው አለችኝ። ያቺን ሴት ስትፈራ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝ።

የቦርዱ ቀን አዳራሹ ሞልቷል። የኛ ትምህርት ቤት ጉዳይ ሲደርስ እትዬ ይቆይ እጃቸውን አወጡና ተነሡ። 

«ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። የሰጠነውን ነው ያካፈለው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ባደረበት ይጻፍ ያልኳችሁ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ወጪ መጻፍ ያለበት ዕቃው ባደረበት ሳይሆን በሠራበት ነው።»

 እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። መጀመሪያ የተናገረው የኮምፒውተር ባለሙያው ነው፤ «እሱማ ቀላል ነው፣ ፕሮግራሙ ያን ማድረግ ይችላል፤ የነገረኝ ሰው አልነበረም እንጂ» ብሎ ወንበሩን ሳበ። የአውቶቡሱን ወጪ በሚሳፈሩት ልጆች፣ የማባዣውን በየትምህርት ቤቱ ፈተና እያካፈለ አስገባ። ሁላችንም ግድግዳው ላይ አፈጠጥን። ቁልፉን ሲጫን የኛ ትምህርት ቤት ቢጫ ሆነ። ሌላም ማንም ቀይ አልሆነም፤ የተነፈስኩት እሱን ሳይ ነው። በእኔ ፋንታ የሌላ ሰው ልጆች ቢበተኑ ምን ደስታ አለው?

ኃላፊው አገጫቸውን አሻሹ። «ደግ። ግን የተቀነሰው በጀት እንደተቀነሰ ነው። ቀዳዳው በምን ይደፈን?»

«ለበጀት ክፍል አዲስ መኪና ሊገዛ ታቅዷል» አሉ እትዬ ይቆይ። «እሱ ይሰረዝ፣ አሮጌውም ይሸጥ።»

«እርስዎስ በምን ሊመላለሱ ነው?»

«አውቶቡሱ በደጄ ያልፋል።» መነጽራቸውን አወለቁ። «የትምህርት ቤቱ መዘጋት ግን» አሉ፣ «ይቆይ።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን አለቀስኩ። ስንት ጊዜ ያንገበገበኝ ቃል እኮ ነው!

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሰማያዊው አውቶቡስ፣ ከልጆች መሐል ተጣበው ቢሮ ገቡ። ልጆቹ መጀመሪያ ፈርተዋቸው ዝም ይሉ ነበር፤ ሲለምዷቸው የሒሳብ የቤት ሥራቸውን ያሠሯቸው ጀመር። በወሩ መጨረሻ ባለሙያው የአውቶቡሱን ወጪ ሲያካፍል አንድ የትም ትምህርት ቤት የሌለ ተሳፋሪ አግኝቶ ግራ ገባው። ለካ እትዬ ይቆይ የራሳቸውን ወንበር ድርሻ በበጀት ክፍሉ ሒሳብ አስጽፈዋል። «ተሳፍሬ የለም እንዴ?» አሉት።

ሲሰናበቱ ስጦታ እናዋጣ አልን፤ የሚሉትን ታውቁታላችሁ። እኔም አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኳቸውም። ለጠብ የሚፈጥነው አፌ፣ ለምስጋና ሲሆን ይተሳሰራል። ዘንድሮ ትምህርት በተከፈተ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ልጆቹ ሲገቡ አየሁ። ቀይ አፈራቸውን ይዘው፣ እየተገፋፉ፣ በእግራቸው ገቡ። ከወዲያ የመኪናው ጡሩምባ ይሰማል፤ ከልጆቼ አንድም እዚያ የለም። ደወሉ እንደተደወለ ቢሮዬን ለምክትሌ ትቼ እትዬ ይቆይ ቤት ሄድኩ።

በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። «ደግሞ ምን ልትጠይቂ መጣሽ? እኔ እንደሆንኩ ጡረተኛ ነኝ» አሉኝ።

«ላመሰግንዎ ነው የመጣሁት።»

«ይሄማ ይቆይ። ግቢ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«አይቆይም!» አልኩ። የወጣው ያው የጠብ ድምፄ ነው፤ ሌላ ድምፅ የለኝም። «ይሄስ አይቆይም፣ እትዬ። ልጆቼ ዛሬም መንገዱን ሳያቋርጡ ገብተዋል። እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጥዎ።»

 ከውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመና ባላቸው «ማን ናት እሷ? በዚህ ቤት ደግሞ አይቆይም የሚል ሰው መጣ?» እያሉ ብቅ አሉ።

እትዬ ይቆይ በመሐረባቸው ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ሻይ ጣድላት» አሏቸው፤ «አሁኑኑ።»