የረጋች እጅ

ቀሐ ወንዝ አጠገብ ሲይዙኝ ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር፤ ከፍርሃት አይደለም። ታይሮይድ ዕጢዬ ከልክ በላይ እየሠራ፣ አንገቴ ላይ ያለችው እንቅርት እሳት ትተፋ ነበር። ያኔ ጎንደር ቢበርዳት ብቻዬን አሞቃት ነበር።

የታሰርሁባት ክፍል ሠላሳ ሰው ታጭቆባታል። በበሩ ሥር የሚገባው ንፋስ አጥንት ስለሚሰብር እዚያ የሚተኛ ጠፍቷል። እኔ ደስ ብሎኝ ተዘረጋሁ። «ደግ ሰው መጣ» ተባለ።

መርማሪው እጄን አየ።

«ምነው ትንቀጠቀጣለህ? የደበቅኸው አለ።»

«በሽታ ነው።»

«የጥፋተኛ በሽታ ነዋ!»

ባለቤቴ ከምሳ ዕቃው ጋር ዕጢውን የሚያበርድ ክኒን ትልካለች፤ ሳላዛንፍ እውጣለሁ። ክረምት ሲገባ ነገሩ ተገለበጠ። ፊቴ አበጠ፤ በቆጠራ ስሜ ሲጠራ «አቤት» እስክል መንግሥት ይለወጣል። በሩ ሥር በረድ ሆንሁ። ደግ የተባልሁበትን ቦታ ቀይሩልኝ ለማለት አፈርሁ።

አንድ የዳባት ገበሬ፣ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን ጣሉብኝ።

«አያ፣ እርስዎስ?»

«ዝም በል። ስትመጣ ፍም ነበርህ፤ አሁን አመድ ሆንህ። ክኒኑ ለፍሙ ነበር። አመድ ላይ ውኃ ታፈሳለህ? ሐኪም ይይህ እንጂ!»

ሐኪም ለመንሁ። መርማሪው ወረቀት ዘረጋ፤ ጓደኛዬ አደረገ የተባለውን፣ እኔ ያላየሁትን፣ አየሁ ይላል።

«ፈርም፤ ዛሬውኑ ትታከማለህ።»

እስክሪብቶውን አነሳሁ። እጄ እንደ ድንጋይ ረግታለች። ክዳኑን ገጥሜ ወረቀቱ ላይ ቀስ ብዬ አጋደምሁት።

«ምነው ዛሬ አትንቀጠቀጥም?»



«ድኜ ይሆናላ።»

ሐኪም ቀረ። ክኒኑን በሽማግሌው ምክር ተውሁ፤ ብርዱ ግን አልተወኝም። እሳቸው ቦታቸውን ለቀውልኝ በሩ ሥር ተኙ። ሳል ጀመራቸው። መስከረምን አላዩም።

ስፈታ አንዲት ሐኪም ደሜን አስመርምራ፣ «በሽታው ያው ነው» አለችኝ። «የገዛ ሰውነትህ ዕጢህን ጠላት ብሎ ይወጋል። መጀመሪያ አስጋለበው፤ አሁን አደከመው።»

ዛሬ በየማለዳው በባዶ ሆዴ የጎደለውን የሚተካ ክኒን እውጣለሁ፤ ዕድሜ ልክ ተፈርዶብኛል።

የሽማግሌውን ጋቢ ዳባት ወስጄው ነበር። ሚስታቸው ጥቁር ለብሰው ወጡ። ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱና ትከሻዬ ላይ መልሰው ጣሉት።

«የሚበርደው ይልበሰው፤» አሉ።