የረባሾች ስም

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጄ ማስተዋል ግቢያችን ጥግ ቁጢጥ ብላ ያለቁ የባትሪ ድንጋዮችን ስትፈረካክስ አገኘኋት። ጥቁሩን ዱቄት ከከሰል ጋር ወቅጣ በዱባ ቅጠል ጭማቂ ስትለውሰው፣ ያ የዛገ ብረትና የእርጥብ ቅጠል ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ንፋስ መውጫ መቆሜን ረስቼ በልጅነቴ እስቴ ገባሁ። ማስተዋል ስማዳ በኩል ገጠር ውስጥ አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤቷ ከተዘጋ ብዙ ወራት ሆኖታል፤ ሰኞ ይከፈታል ተብላ ተጠርታለች። የጠሯት ሰዎች ሰላም ነው ይላሉ፤ ከዚያ የሚመጡ ገበያተኞች ግን ስለ መንገዱ ስጠይቃቸው የጤፍ ዋጋ ያወሩልኛል። እሷ እንደሆነ ሰሌዳው ነጥቷል ብላ ቀለም ትለውሳለች።

እኛም አርብ አርብ እንዲሁ ነበር የምናደርገው። መንደራችን ከመካነ ኢየሱስ የግማሽ ቀን መንገድ ትርቃለች፤ ትምህርት ቤታችን አንዲት የጭቃ ክፍል ነበረች፣ ከሩቅ ላያት ሰው ከበረት የማትለይ። መምህር ደጉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው በጠመኔ ብናኝ የነጣ ሰው ነበሩ፤ ሲቆጡን እንኳ ሳቃቸው ከጢማቸው ሥር ያመልጣቸዋል። ከክፍል ብቅ ባሉ ቁጥር የክፍሉ አለቃ የረባሾችን ስም ሰሌዳ ላይ እንዲጽፍ አዘው ይወጡ ነበር። ያን ዓመት አለቃዋ እኔ ነበርኩ። ሌላው አለቃ የልጁን ስም ብቻ ይጽፋል፤ እኔ ግን ጽሕፈትሽ ያምራል ስለተባልኩ ከነአባቱ፣ በትልልቁ፣ አሳምሬ ነበር የምጽፈው።

ዘመኑ ክፉ ነበር። ቁመቱ ጠመንጃ ያህል የደረሰ ወንድ ልጅ ሁሉ ለውትድርና ይታፈስ ስለነበር እናቶች ልጆቻቸውን ጎንበስ ብላችሁ ሂዱ ይሏቸዋል። ከየቤቱ ሰው ጎደለ፤ ውሾቹ እንኳ እንግዳ ሲያዩ መጮህ ትተው ወደ ማድቤት መሸሽ ለመዱ። የአጎራባቹ ቀበሌ አስተማሪዎች አንድ በአንድ ጥለው ሲሄዱ፣ መምህር ደጉ ግን ጠዋት ጠዋት ዛፉ ላይ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ እየቀጠቀጡ ይጠሩናል። አንድ ቀን አባቴ፣ "ኧረ ለመሆኑ እርስዎ አይፈሩም?" ቢሏቸው፣ "እንዴት አልፈራ! የፈራሁ ቀን እኮ ነው ደወሉን ጠንከር አድርጌ የምመታው" አሉ። ከዚያ ወዲህ ደወሉ ጠንክሮ በተሰማ ቁጥር መንገዱን ማየት ለመድኩ።

አንድ አርብ ዕለት ደወሉ በጣም ጠንክሮ ነበር የተመታው። መምህር የባትሪውን ቀለም ሊያስለውሱ ጎረቤት ሄደው ሳለ፣ የክፍላችን ሰባት ትልልቅ ወንዶች ልጆች አግዳሚውን ፈረስ አድርገው ጋለቡ።

"አንቺ ይታይሽ፣ እኔን ብትጽፊ ውርድ ከራሴ!"

"ጻፊው! ኧረ ከነአያቱ ጻፊው!"

ሰባቱንም ጻፍኳቸው፣ ከነአባቶቻቸው። ጠመኔውን ሳላስቀምጥ በር ላይ የነበረች ልጅ "ባለ ጠመንጃዎች መጡ!" አለች። ሰባቱ በጓሮ በኩል ባለው መስኮት ዘለው ገብሱ ውስጥ ገቡ። ገብሱ ተወዛወዘ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

መምህር የቀለሙን ቆርቆሮ እንደያዙ ከባለ ጠመንጃዎቹ ጋር እኩል በሩ ላይ ደረሱ።

"ትልልቆቹስ?" አለ መሪያቸው።

"ያሉኝ እነዚህ ሕፃናት ናቸው ጌታዬ" አሉ፤ ይህን እንዳሉ ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ አረፈ። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። አስተያየታቸው ቁጣ እንኳ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ኖሮ ይሄን ሁሉ ዘመን ባልተከተለኝ። ሰውየው ከፀሐይ ገብቶ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ፣ እሳቸው ጨርቁን ነክረው "አርብ ሰሌዳ የምናጠቁርበት ቀን ነው፣ እንዳይደርቅብኝ" እያሉ ከላይ ጀመሩ። አራቱ ስም ጠፋ። አምስተኛው ጠፋ። ስድስተኛው ላይ "ቁም! ምንድን ነው የምታጠፋው?" የሚል ድምፅ መጣ፤ የቀረውን በመዳፋቸው ጠረጉት።

"የረባሾች ስም ነዋ" አሉ።

"እንግዲያው አንተው ትመጣለህ።"

ሲወጡ ቆርቆሮውን አስያዙኝና "ሰኞ እስክመጣ ታናናሾችሽን ፊደል አስቆጥሪልኝ" አሉኝ። ሰኞ ቸርኬውን እኔ መታሁት፣ በሚቀጥለውም ሰኞ፣ ክረምት ገብቶ ጣሪያው እስኪወርድ ድረስ። እሳቸው አልመጡም። ሌላ አስተማሪም አልተላከልን፤ ከዚያ ወዲህ ያወቅኩትን ያወቅኩት ከስኳር መጠቅለያና በየሰዉ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። ሰባቱ ተርፈው አደጉ፤ አንደኛው ቄስ ሆነዋል፣ ሌሎቹ አርሰው ወልደው ከብደዋል፣ የልጅ ልጆቻቸው ቢሰበሰቡ ያችን ክፍል ሞልተው ይተርፋሉ። መምህር ደጉ ግን አበባ የምናኖርበት መቃብር እንኳ የላቸውም፤ የቀረን የዚያ ቀለም ሽታ ብቻ ነው።

ይሄን ታሪክ ለማስተዋል ነግሬያት አላውቅም። አትሂጂ ልላት አፌን ከፍቼ ሌላ ነገር ወጣኝ።

"ስሚ ልጄ፣ ረባሾቹን በስማቸው እንዳታስጽፊ።"

"እንዴ እማዬ!" ብላ ሳቀች። "ተማሪው ይምጣልኝ እንጂ፣ ይረብሸኝ!"

አጠገቧ ተቀመጥኩና የቀረውን ባትሪ አንስቼ በድንጋይ ፈረከስኩት።

"ወፈር አድርጊው" አልኳት። "አንድ ጊዜ ሲቀባ የሚሸፍን ይሁን።"