በማርያም ምዬ የዋሸኋቸው ሰው

ይህን ለባሌ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም ስንቱን ኃጢአት ስዘረዝር ይህችን ዘልያታለሁ። ዛሬ የምናገረው ሸክሙ እንዲቀለኝ አይደለም፤ ነገ የማደርገውን ነገር ፈርቼ እንዳልተወው ነው።

በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ነርስ ነበርኩ። ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የሐርቡ ገበሬ ጉበታቸውን ታመው ተኙ። ሐኪሙ አልጋቸው አጠገብ ቆሞ፣ በሽታው እንደማይድንና ቀናቸው እንደቀረበ በእንግሊዝኛ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ኮሪደር ላይ ለልጆቻቸው ነገርኩ። ወጋችን ይኸው ነበር። ለአስታማሚ ይነገራል፤ ለታማሚው ፈገግ ይባልለታል። ልጆቹም «አደራሽን እህታችን፣ እንዳይሰሙ» ብለው ለመኑኝ።

እሳቸው ግን ሞኝ አልነበሩም። ልጆቹ ምሳ ሊበሉ ሲወጡ ጠብቀው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የነዚህ ልጆች ፊታቸው ሌላ፣ አፋቸው ሌላ ሆነብኝ። አንቺ እውነቱን ንገሪኝ። ጊዜ አለኝ?»

ለምን እንደሚጠይቁም አልደበቁኝም። ታናሽ ወንድማቸው መሐመድ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሳለ፣ መሬት ሲከፋፈል የእሳቸውን ምርጥ እርሻ ቆርሶ ለሌላ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። መሐመድም ኮምቦልቻ ገብቶ ወፍጮ ቤት ይሠራል።

«የታዘዘውን ነው ያደረገ» አሉኝ። «በኢድ ሊጠይቀኝ ቢመጣ ያባረርሁት እኔ ነኝ። አፉ ልለው፣ ይቅር ልለው እሻለሁ፤ እሱም አፉ እንዲለኝ። ጊዜ ካለኝ ድኜ በእግሬ እሄድለታለሁ፤ እንዲህ ወድቄ ባያየኝ ወላሂ ደስ ይለኛል። ጊዜ ከሌለኝ ግን አሁኑኑ ይጠራልኝ። በማርያምሽ ምለሽ ንገሪኝ።»

እኔስ ምን አልኩ? «በማርያም፣ ይድናሉ። ጊዜ አለዎት» አልኩ። ማልኩ። ኮምቦልቻ እኮ እዚሁ ቁልቁል ነው! ሰው ቢላክበት ሳይመሽ ይደርስ ነበር። የልጆቹ አደራ አሰረኝ ልበል? አልልም። እውነቱን ብነግራቸው ቁጭ ብዬ ሲያለቅሱ ማየት ሊኖርብኝ ነው፤ እኔ የፈራሁት ያንን ነው። ዋሽቼ፣ ትራሳቸውን አስተካክዬ ልወጣ ስል መረቁኝ። ምርቃታቸውን አሜን ብዬ ተቀበልኩ፣ እኔ ጉደኛዋ!

በዚያው ሳምንት አረፉ። መሐመድ የደረሰው አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ነው። የወንድሙን ልጆች መጠየቅ አፍሮ መሰለኝ፣ እኔን ገለል አድርጎ «ሲስተር፣ ስሜን አንስቶ ነበር?» አለኝ።

እውነቱን ብነግረው «ታዲያ ለምን አልተጠራሁም?» ማለቱ አይቀርም። «እኔ አልሰማሁም» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ አስከሬኑን ተከትሎ ሄደ። ወንድሙ እንደተቀየመው የሞተ መሰለው። የመጀመሪያውን ውሸት ርኅራኄ ነው የሚሉኝ አይጠፉም። ሁለተኛውንስ ምን ይሉታል? ጋሽ ሰይድን ከወንድማቸው የለየኋቸው እኔ ነኝ፤ ከሞቱ በኋላም ደገምኩት።

ከዚያ ወዲያ በሽተኛ ሲጠይቀኝ ወንበር ስቤ፣ አጠገቡ ተቀምጬ እውነቱን ተናግሬአለሁ። ተማሪ ነርሶችንም «ከአስታማሚው በፊት ታማሚውን ስሙ፤ ምን ማወቅ እንደሚፈልግ ራሱን ጠይቁት» እያልኩ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ጎበዝ መምህርት ተባልኩ። መሐመድ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ምንም ሳያውቅ ኖረ።

አርጅቶ፣ እዚያው ኮምቦልቻ እንዳለ ሰምቻለሁ። ነገ ጠዋት እወርዳለሁ። «ወንድምዎ አፉ ብለውዎት ነው የሞቱት፤ እንዳይጠሩዎት ያደረግሁት እኔ ነኝ» እለዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ ማለት ከዚያ በኋላ ነው፣ አፍ ካገኘሁ። በሩን ከዘጋብኝም ውጭ ቆሜ ጮክ ብዬ እናገረዋለሁ፤ ጎረቤትም ይስማኝ።